ሃይማኖት በድምፅ ብልጫ አይዳኝም

«እኛ ብዙዎች ነን፤ እነርሱ ጥቂቶች ናቸው፤ ዴሞክራሲም የብዙኃን አገዛዝ ነው፤ እንግዲህ በዚህ አገር የማን ቤተ ጸሎት እንደሚሠራ፣ የማን አስከሬን የት እንደሚያርፍ፣ የማን ልጅ ምን ለብሳ ትምህርት ቤት እንደምትገባ የምንወስነው እኛ ነን» የሚለው ክርክር ከዳንግላ ገበያ ጀምሮ እስከ አዲስ አበባ አዳራሾች ድረስ፣ ቡና በሚጠጣበትም ሆነ ሊቃውንት በሚነጋገሩበት ሥፍራ፣ ማስረጃ የማያሻው እውነት ሆኖ ሲነገር ይሰማል። ይህን የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ጾማቸውን የማይሽሩ፣ ጎረቤታቸው ሲታመም የሚጠይቁ፣ ሲሞትም ሃይማኖቱን ሳይመረምሩ ለቅሶ የሚደርሱ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ በእጃቸው የማይሠሩትን ግፍ በቃላቸው ይፈቅዱታልና። እኔ ግን ይህ ክርክር ሐሰት ነው እላለሁ፤ ሐሰትነቱንም ለማሳየት ወደ ባሕር ማዶ ፈላስፎች መሄድ አያሻኝም፤ የዚሁ የብዙኃኑ ሃይማኖት ታሪክ፣ ማለት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜና መዋዕል፣ ራሱ ይመሰክርበታል።

አስቀድሜ ግን ስለምንነጋገርበት አገር ጥቂት ልበል። ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራና ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከኢጣልያ ወረራ በፊት ቆንስላውን ያቆመባት፣ በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአዊ ዞን ሕዝብ ከመቶው ከ90 የሚበልጠው ኦርቶዶክሳዊ እንደ ሆነ ተመዝግቧል፤ የቀረው አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን ወንጌላውያንም በጥቂቱ አሉበት። ሙስሊሞቹ በጎጃም የገበያ ከተሞች ትናንት የመጡ እንግዶች አይደሉም፤ በአሮጌው ሥርዓት በክርስቲያኑ ደጋ ሙስሊም ርስት የመውረስ መብት ስላልነበረው፣ መሬት የተነፈገው ሰው በንግድና በሽመና ኑሮውን እየገፋ ትውልድ ቈጥሮበታል። ገበያው ያለ እነርሱ፣ እነርሱም ያለ ገበያው አልኖሩም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ላይ «ብዙ ነን» የሚለው ቃል ሲነገር፣ ተናጋሪው ቍጥሩን በመናገሩ አልሳተም፤ ከቍጥሩ ሥልጣንን በማውጣቱ ግን ስቷል።

በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ቅዱስ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል። ያሳደዱትም ሽፍቶች ወይም አረማውያን ብቻ አልነበሩም፤ ቄሣሩ፣ የቄሣሩ ባለሥልጣኖች፣ እጅግ ብዙ ጳጳሳትም ከአርዮሳውያን ወገን ቆመው ነበር፤ በ359 እ.ኤ.አ. በሪሚኒ የተሰበሰቡት 400 ያህል ኤጲስ ቆጶሳት እንኳ በቄሣሩ ጫና ተሸንፈው የአርዮሳውያኑን ቃል እስከ መፈረም ደርሰዋል። በዚያው ዘመን ቄሣር ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ከአትናቴዎስ እጅ ሢመትን የተቀበለውን ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባታችንን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ሃይማኖቱ በአርዮሳዊው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይልኩት ዘንድ ጠይቋል። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ እምነት ጸናች። ሃይማኖት የብዙኃንና የኃያላን ድምፅ የሚወስነው ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በዳንግላ መቅደስ ውስጥ የሚቀደሰው ቅዳሴ በአባ ሰላማ መንበር ላይ ከጅማሬው በተቀጨ ነበር።

ከዚያም በ451 እ.ኤ.አ. የሆነውን እናስብ። በኬልቄዶን የተሰበሰቡት ጳጳሳት ቍጥራቸው በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት 636 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከእነርሱ ጋር ነበረ፤ የሮሜ ፓፓ ከእነርሱ ጋር ነበረ፤ የእስክንድርያው ቅዱስ ዲዮስቆሮስ ግን ከመንበሩ ተሽሮ ወደ ጋግራ ተጋዘ፤ በግዞት እንዳለም ዐረፈ። ድምፅ ብንቈጥር የተዋሕዶ ወገን በዚያ ጉባኤ ተሸንፏል። ተስዓቱ ቅዱሳንም፣ እነ አባ ጰንጠሌዎን፣ እነ አባ አረጋዊ፣ የብዙኃኑን ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም የመጡ አባቶች መሆናቸውን ገድላቸው ይነግረናል። እንግዲህ በየዓመቱ የዲዮስቆሮስን ስም በቅዳሴ እየጠራ፣ የተስዓቱ ቅዱሳንን በዓል እያከበረ፣ ከዚያ ወጥቶ «ጥቂቶች ለብዙዎች ይገዙ» የሚል ክርስቲያን፣ በከንፈሩ ያመሰገናቸውን አባቶች በክርክሩ ይፈርድባቸዋል። የዚህ አገር ካህናት ይህን ነገር ከመቅደስ ውጭ ለምእመናን ሲያስተምሩ አዘውትሬ ብሰማ ምንኛ በወደድሁ!

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር ወደ ቤታችን ልመልሰው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርቱ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር ብለው በማስተማራቸው ከብዙኃኑ ካህናትና ከቤተ መንግሥቱ ተጣሉ፤ እርሳቸው ወደ አርመን ተሰደው በዚያው ዐረፉ፤ ልጆቻቸውም ክህነት ተከልክለው ከአብያተ ክርስቲያናት እየተገፉ፣ በየበረሃው ገዳም መሥርተው ኖሩ። ንጉሥ ዳዊት ፊታቸውን መለሱላቸው፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመንም በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የሁለቱ ሰንበታት አከባበር የመላው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆነ። ዛሬ በአዊ ምድር ቀዳሚትን የሚያከብር ገበሬ የሚያከብረው፣ ለመቶ ዓመት ያህል የተሰደዱ ጥቂቶች ያቆዩለትን ሥርዓት ነው። የደብረ ምጥማቅ ብዙኃን ቀድሞ የነበሩትን ብዙኃን ሻሩ፤ ትላንት ጥፋት የተባለው ዛሬ ርትዕ ተባለ። ስለዚህም አንድ ትምህርት የብዙዎች በመሆኑ ብቻ እውነት ነው፣ የጥቂቶች በመሆኑም ብቻ ኑፋቄ ነው ማለት በራሳችን ቤት እንኳ የማይቆም ሕግ ነው።

ነገር ግን ያው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለኤዎስጣቴዎስ ልጆች የሰጡትን ዕረፍት ለደቂቀ እስጢፋኖስ ነፈጉ። አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥም አንሰግድም በማለታቸው ተገረፉ፣ ታሰሩ፣ አካላቸው ተቈረጠ፣ ብዙዎችም ሞቱ። የመነኮሳቱን ዜና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ ‹በሕግ አምላክ›» በሚል ርእስ አሳትመውልናል፤ ያነበበው ሰው ሁሉ እንደ እኔ አዝኖ ይሆናል። አንድ ንጉሥ፣ ሃይማኖተኛና ሊቅ የነበረ ንጉሥ፣ ትላንት የተገፉትን አክብሮ በዚያው እጁ ሌሎችን ገፋ። ከዚህ የምረዳው፣ የተገፉ ሰዎች መብት በገዥው ወይም በብዙኃኑ በጎ ፈቃድ ላይ ከተመሠረተ፣ ፈቃዱ በተለወጠ ዕለት አብሮ የሚጠፋ መሆኑን ነው። መብት ከፈቃድ በላይ የቆመ መሠረት ያሻዋል።

በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊያስተምረን ይገባ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የአገሩ አንድነት በሃይማኖት አንድነት እንዲጸና ሽተው፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ከካራ ተዋሕዶ በቀር ያሉት ትምህርቶች እንዲወገዱ፣ የወሎ ሙስሊሞችም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ አዘዙ። ከወሎ ባላባቶች መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲባሉ፣ ሼህ ጠልሃን የመሰሉት ደግሞ በአመፅ ተነሡ፤ ብዙው ሕዝብ በቀን ክርስቲያን በሌሊት ሙስሊም ሆኖ መኖርን ተማረ። የንጉሡ አሳብ የአገር ፍቅር ያለበት አሳብ እንደ ነበረ አምናለሁ። ፍሬው ግን ምን ሆነ? ወሎ ዛሬም የሁለቱ ሃይማኖቶች አገር ነው። ጎጃምም፣ በዚያ ጉባኤ ከተወገዱት አንዱ የሆነው የቅባት ትምህርት የጸናበት አገር የነበረው ጎጃም፣ ከቦሩ ሜዳ ወዲህ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ በምሥራቁ ክፍል ያ ትምህርት ከልቡ አልወጣም። አዋጅ አንደበትን ይዘጋል እንጂ ልብን አይለውጥም፤ ከዚያም ብሶ ሰውን ግብዝ ያደርጋል፤ ቤተ ክርስቲያንም በምእመናን ፈንታ ግብዞችን ትሰበስባለች።

የመንግሥት ሃይማኖት መሆን ለቤተ ክርስቲያን ጥቅም ነው የሚሉ አሉ፤ ከእነርሱም ጋር ጠንክሬ እከራከራለሁ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ ቤተ ክርስቲያኒቱን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደነገገ፤ በ40ኛው አንቀጽ ደግሞ ሌሎች እምነቶች በሥርዓታቸው እንዳይከለከሉ ፈቀደ። ነገር ግን መንግሥት የሚደግፋት ቤተ ክርስቲያን መንግሥት የሚያዝዛት ቤተ ክርስቲያን ትሆናለች፤ ዙፋኑ በወደቀ ጊዜም የወረሰው ኃይል ሥልጣኑን አብሮ ይወርሳል። በጎጃም በደብረ ኤልያስ የተወለዱት፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሁለተኛ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ፣ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ዐፅማቸውም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያን ያህል ብዙ ምእመን የነበራት ቤተ ክርስቲያን አባቷን ከግዞት ልታድን አልቻለችም። ብዛቷ ጋሻ አልሆናትም፤ ጋሻ ሊሆናት ይችል የነበረው መንግሥት በማንም መቅደስ ላይ እጁን እንዳይዘረጋ የሚከለክል ሕግ ነበር። የወንጌላውያኑ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዚያው ዓመት መገደላቸው ይህንኑ ያሳያል፤ የብዙኃኑም የጥቂቶቹም እረኛ በአንድ እጅ ጠፋ።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የዜግነት እኩልነትን በጠየቁ ጊዜ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈው ነበር። እነዚያ ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸውን አልካዱም። የጎረቤታቸው መብት ከራሳቸው ድርሻ ላይ ተቈርሶ የሚሰጥ አለመሆኑን የተረዱ ሰዎች ነበሩ፤ እኔም የምከራከረው በእነርሱ ወገን ቆሜ ነው።

አሁን ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖትም እንደማይኖር ይደነግጋል፤ በ27ኛው አንቀጽ ማንም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ፣ በተናጠልም ሆነ ከሌሎች ጋር በመሆን የማምለክና የማስተማር ነጻነት እንዳለው ይናገራል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን 105ኛው አንቀጽ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ የተዘረዘሩት መብቶች እንዲሻሻሉ የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በድምፅ ብልጫ ሊያጸድቁት፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊቀበሉት ይገባል። ሕግ አውጪዎቹ እነዚህን መብቶች ከተራው የድምፅ ብልጫ ለማራቅ ብለው አጥሩን ከፍ አደረጉት። የአገሪቱ ምክር ቤት በሙሉ ድምፁ እንኳ ብቻውን ሊሽረው ያልተፈቀደለትን መብት፣ አንድ የቀበሌ ስብሰባ በእጅ ማውጣት ይሽረው ዘንድ ከወዴት ሥልጣን አገኘ? ይህን ስል ሕገ መንግሥቱ ጉድለት የለበትም አልልም፤ በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ የማይችሉት ድንጋጌዎች ሲዘረዘሩ 27ኛው አንቀጽ በመካከላቸው አልተጻፈም፤ የመተርጐሙም ሥልጣን ለገለልተኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቷል፤ ሁለቱንም እንደ ብርቱ ድካም እቈጥራቸዋለሁ።

አብላጫ ድምፅ ሥራ የለውም ማለቴም አይደለም። መንገዱ በየት እንዲያልፍ፣ ግብሩ ስንት እንዲሆን፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንዲውል፣ ማን እንዲሾም ማን እንዲሻር ሕዝቡ በድምፁ ይወስናል፤ ጥቂቶቹም ተሸንፈው ለጊዜው ይታዘዛሉ፤ በሚመጣው ምርጫ ብዙ የመሆን ተስፋ አላቸውና። በሃይማኖት ግን ይህ ተስፋ የለም። የዳንግላ ሙስሊም በሚቀጥለው ምርጫ ከመቶ 51 እሆናለሁ ብሎ አይጠብቅም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚወሰነው ለዘለዓለም የተወሰነ ነው። የፖለቲካ ሽንፈትን የሚያስታግሠው የመመለስ ዕድል ከሌለ፣ የብዙኃን አገዛዝ ከባለርስትና ከጢሰኛ ሥርዓት በምን ይለያል?

«ብዙ» የሚለው ቃል ራሱ ድንበሩን በምናሰምርበት ሥፍራ እንደሚለዋወጥ ልብ እንበል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ኦርቶዶክሳዊው 43.5 ከመቶ፣ ሙስሊሙ 33.9 ከመቶ፣ ፕሮቴስታንቱም ከ18 ከመቶ በላይ ነበር። ከግማሽ የሚበልጥ ቍጥር ያለው ሃይማኖት በአገራችን የለም። በአዊ ብዙ የሆነው በሶማሌ ክልል ከመቶው ሁለት እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ሕዝቡ ከመቶ 98 ያህሉ ሙስሊም ነውና። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋና በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ካህናት ሲገደሉ የጎጃም ክርስቲያን ሁሉ አለቀሰ፤ ልቅሶውም ተገቢ ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል ያህል በኋላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዚሁ በጎጃም በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ። ያንን አውግዞ ለዚህ ምክንያት የሚፈልግ ሰው የሚያወግዘው ግፉን ሳይሆን ባለግፉን ብቻ ነው። «በአገራችን ብዙ ነን» የሚለውን ክርክር በዳንግላ ያጸደቀ ሰው፣ ሳያውቀው ለጅግጅጋ አቃጣዮች ጠበቃ ቆሟል። በቀበሌው መዝገብ የሚበልጠው ሁሉ ገዥ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ቤተ መቅደስ በጎረቤቱ ብዛት ልክ ይቆማል ወይም ይወድቃል።

ወደ ተቃዋሚዎቼ መልስ ልምጣ። «በሳዑዲ ዓረብያ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ያሳዩን» ይላሉ። በሳዑዲ ዓረብያ ቤተ ክርስቲያን መከልከሉ ግፍ ነው፤ ግፍ መሆኑን ካመንን ግን እንደ ምሳሌ ልንከተለው አይገባም። የዳንግላው ሙስሊም የሪያድ ንጉሥ ተገዢ አይደለም፤ ግብሩን የሚከፍለው በዚሁ፣ አባቶቹ የተቀበሩትም በዚሁ ነው፤ ሰው በማይታዘዘው ንጉሥ ኃጢአት ሊቀጣ አይገባም። ምሳሌ የሚሻ ሰው ወደ ግብጽ ይመልከት። ለብዙ ዘመናት ጳጳስ ስትልክልን የኖረችው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች አዲስ ሕንፃ ለመሥራት ሲፈልጉ፣ የአገሩ የውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በ1934 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው አሥር ሁኔታዎች አንዱ የአካባቢው ሙስሊሞች ይቃወማሉ ወይስ አይቃወሙም የሚል ጥያቄ ነበረ። ቅብጦች በዚያ ጥያቄ ምክንያት ስንት ዓመት ሲንገላቱ እንደ ኖሩ ሁላችንም በኀዘን ሰምተናል። እንግዲህ በአዊ ያለ ሹም መስጊድ ወይም ጸሎት ቤት ለመሥራት የቀረበ ማመልከቻ ሲደርሰው «የአካባቢው ነዋሪ ይስማማል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የካይሮውን ጥያቄ ቃል በቃል ደገመው ማለት ነው።

«ሰላም እንዳይደፈርስ ነው» የሚለው ምክንያት ከሁሉ የበረታ ይመስላል፤ ሕገ መንግሥቱም በ27ኛው አንቀጽ የእምነት መግለጫ ለሕዝብ ደኅንነትና ሰላም ሲባል በሕግ ሊወሰን እንደሚችል ያመለክታል። ነገር ግን ሰላሙን የሚያደፈርሰው ማን እንደ ሆነ ይመርመር። ጸሎተኛው ጸሎቱን ሲያደርስ ጎረቤቱ ድንጋይ ለመወርወር ቢዝት፣ ሕጉ የሚይዘው ድንጋዩን ያነሣውን እጅ ነው፤ የዛቻውን ብርታት አይቶ ጸሎቱን የሚከለክል ሹም ግን ለዛቻ ዋጋ ከፈለ፤ በሚቀጥለው ጊዜም ዛቻው ከፍ ብሎ ይመጣል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ሙስሊሞች አንድ ሼህ ለመቅበር በወጡበት ደም መፍሰሱን የምናስታውስ ሰዎች፣ ቀብር እንኳ የጠብ ምክንያት ሊሆን የቻለው ቀስ በቀስ ለዛቻ በመሸነፋችን እንደ ሆነ ልናስብ ይገባናል።

ሕዝበ ውሳኔ ከተደረገ ነገሩ ይጠራል የሚሉም አሉ። ስዊዘርላንድ በሕዝበ ውሳኔ የታወቀች አገር ናት፤ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ከመራጮቿ 57.5 ከመቶው ሚናራ እንዳይሠራ ወሰኑ፤ በዚያን ጊዜ በመላው አገሪቱ የነበሩት ሚናራዎች 4 ብቻ ነበሩ። አራት ሚናራዎች ለአንድ አገር ምን አደጋ ነበሩ? ያ ድምፅ የተሰጠው በሥርዓት ነበር፤ በሥርዓት የተፈጸመ ግፍም ከግፍነት አይወጣም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ግን የራሳችን ነው፤ በ615 እ.ኤ.አ. የተሰደዱ የነቢዩ መሐመድን ወገኖች ንጉሧ ተቀብሎ ባሳረፈባት በአክሱም፣ በ2017 ዓ.ም. ሙስሊም ተማሪዎች ስለ ሒጃባቸው ከትምህርትና ከፈተና ምዝገባ ተከልክለው ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት መድረሱ። ያ ንጉሥ ስደተኞቹን በተቀበለ ጊዜ ክርስቲያን ነበረ፤ ክርስትናውም አልጎደለም፤ የመካ ባለጸጎች መልእክተኞች ከነእጅ መንሻቸው መጥተው ስደተኞቹን መልስ ሲሉት ያዳመጠው የተከሳሾቹን ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የብዙኃኑ ባህል ይደብዝዝ የሚል አሳብ ያለኝ የሚመስለው አይጠፋም። ጥር 23 በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በወርቅማ መጣብር አስጊጠው በእንጅባራ ሜዳ ሲወጡ ሁሉም ይኰራል፤ ጥምቀትም በአደባባይ ይከበራል፤ ይህ ማንንም አይጐዳም፤ ማንም እንዳይከበር ሊጠይቅ አይገባም። የብዙኃን በዓል ሰፊ አደባባይ ቢይዝ በተፈጥሮ ነው። የምቃወመው፣ ከዚያ አደባባይ ላይ ቆመው የጥቂቶቹን ጓሮ ለመዝጋት መነሣትን ነው። ተሐድሶና ፕሮቴስታንት ምእመናችንን ይወስዳሉ ብሎ የሚያዝን ካህን ኀዘኑ እውነት ነው፤ መሣሪያው ግን ትምህርት፣ ምክር፣ ንስሓ፣ ቢያስፈልግም የቤተ ክርስቲያን ውግዘት ነው፤ የቀበሌ ማኅተምና የፖሊስ ዱላ የመንፈስ ቅዱስ ጸጋዎች አይደሉም።

ስለዚህ በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ለመስጊድ፣ ለጸሎት ቤት ወይም ለመቃብር የቦታ ጥያቄ ሲቀርብ፣ ማመልከቻው እንደማንኛውም የከተማ ቦታ ጥያቄ በፕላኑና በሕጉ ይመዘን፤ የጎረቤት ፊርማ አይሰብሰብበት፤ ውሳኔው በጽሑፍና በምክንያት ይሰጥ፤ ተከልክያለሁ የሚል ሰው ቢኖር ፍርድ ቤት በሩን ይክፈትለት። የአዊ ካህናትና የዕድር ሽማግሌዎችም ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመው ራሳቸው ወደ ከተማው አስተዳደር ይዘው ይቅረቡ፤ የሙስሊሙ ሬሳ መሬት አጥቶ ከወረዳ ወደ ወረዳ እንዳይጓዝ የሚቆረቈረው የመጀመሪያው ሰው የዳንግላ ቄስ ይሁን።